በረምላ ጥርስ የፈረድኩት ፍርድ

ይህ ነገር ሲደርስ የጥርስ ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ስሜ ሀያት ነው፤ ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ያ ጉብዝና ምን ያህል ባዶ እንደነበረ ልነግራችሁ ስለሆነ ነው። ፈተና ሲወጣ መጀመሪያ የምጨርስ፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄው ሳያልቅ እጄን የማወጣ፣ ሰው ሲያወራ ዐረፍተ ነገሩን እኔ የምጨርስለት ዓይነት ነበርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ ምጣድ ላይ ነው እንዴ የተቀመጠችው?» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ፍጥነቴን እንደ ዕውቀት ነበር የምቆጥረው።

ለተግባር ልምምድ ስድስት ተማሪዎች ከመምህራችን ከዶክተር ታደሰ ጋር መካነ ሰላም ሄድን። ሁለት ሳምንት ከተማው ውስጥ ሠራን። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ገጠር ወጣንና ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ለቀቀልን። በአንዱ እንመረምራለን፣ በሌላው እንነቅላለን፣ እናጸዳለን። ዴስኮቹን ገፋ አድርገን ሁለት ተጣጣፊ ወንበር ዘረጋን፤ ውኃ በጄሪካን ነበር የሚመጣልን።

ጥቅምት ነበር። የዚያ አገር የጥቅምት ንፋስ ፊት ይልጣል። በዚያ ላይ መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ነበረ። አንዱ ዛሬ ይላል፣ ሌላው ነገ ይላል፤ ሹፌራችን በየሰዓቱ ስልክ ይደውላል። ማክሰኞ ጠዋት ዶክተር ታደሰ ሰብስቦን «ሐሙስ ማለዳ እንወጣለን። በሁለት ቀን የቻልነውን ያህል ሰው እንይ» አለ። ግቢው ውስጥ የተሰለፈው ሕዝብ አጥሩን አልፎ እስከ መንገዱ ደርሷል። እኔም በሆዴ ስንት ሰው እንደምጨርስ እያሰላሁ ጓንቴን አጠለቅኩ።

ረምላ የመጣችው ቀትር ሊሆን ሲል ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ አፏን በሻሿ ጥግ ሸፍና ይዛለች። ያመጣቻት ሴት ሠላሳ ቢሆናት ነው። እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ወንበሩ ገፋ አደረገቻት።

«ስሟ ማነው?» አልኩ ወረቀቴን እያየሁ።

«ረምላ።»

«አንቺስ?»

«ዘሀራ።»

«ምኗ ነሽ?»

«አሳዳጊዋ ነኝ። እናቷ በሕይወት የለችም። አባቷን ነው ያገባሁት፤ እሱ ዐረብ አገር ነው።»

እንጀራ እናት፣ አልኩ በሆዴ። ከዚያች ቃል በኋላ የሰማሁትንና ያየሁትን ሁሉ በዚያች ቃል ነው የተረጎምኩት፤ ያን ጊዜ ግን አልታወቀኝም።

ረምላ አፏን ስትከፍት የቀኝ የታችኛው ትልቁ መንጋጋዋ ግማሹ ተፈረካክሶ ቡናማ ጉድጓድ ሆኗል። የቀሩት ሦስቱ ትልልቅ መንጋጋዎችም ቢጫና ቡናማ እድፍ አለባቸው፣ ጠርዛቸው ይፈረፈራል። ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ላይ እንደ ጭቃ ጠብታ ያለ ምልክት አለ። መስታወቴን ገና ሳስገባ አየሩ ሲነካት ዘለለች።

«ጣፋጭ ታበያታለሽ?»

«ኧረ ጣፋጭ ከየት መጥቶ? ቡናውንም በጨው ነው የምንጠጣው።»

«ጥርሷን ትፍቃለች?»

«መፋቂያ ሲነካት ታለቅሳለች። ቀዝቃዛ ውኃም አትችል። ዶክተር፣ ይሄ ጥርስ ሲበቅል ጀምሮ እንዲህ ነው። ገና ከድዷ ብቅ ሲል ቢጫ ሆኖ ነው የወጣው፤ ከዚያ እንደ አሮጌ ኖራ...»

«እሺ፣ እሺ» ብዬ አቋረጥኳት። «ይነቀላል።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይህች ሴት በሦስት ዐረፍተ ነገር ሕመሙን ነግራኝ ነበር። ከመጽሐፍ በተሻለ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ከኋላዋ ያለውን ሰልፍ ነበር የማየው።

ማደንዘዣ ወጋሁና ጠበቅኩ። ጥርሱን ነካ ሳደርገው ረምላ ጮኸች። ጨምሬ ወጋሁ። አሁንም ጮኸች። «ደንዝዟል እኮ፤ አታስመስይ» አልኳት። ልጅቷ እንባዋ እየወረደ ዘሀራን ታያለች። ዘሀራ «አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ» እያለች እግሯን ትዳብሳለች። ለሦስተኛ ጊዜ መንቀያውን ሳስጠጋ ረምላ ጣቴን ነከሰችኝ። ጓንቱን አልፎ ደም አወጣ።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ የተናገርኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ይቺ ልጅ የሚያያት ሰው የላትም። አራት ቋሚ ጥርስ እስኪበሰብስ ድረስ ዝም የሚል ሰው አሳዳጊ አይባልም። የሆድሽ ልጅ ብትሆን እንዲህ ትተያታለሽ?»

ዘሀራ የልጅቷን ሻሽ አስተካከለችላት፣ አፏን ሸፈነችላትና ከወንበሩ አነሣቻት። ማስታገሻ ጽፌ «ነገ መልሺያት» አልኩ። ወረቀቱን ተቀብላኝ በሰዎቹ መካከል ወጣች። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ሲለቁላት ግን ፊታቸውን እያዞሩባት ነበር። አንዲት ሴትዮ «ድሮም እንጀራ እናት» ስትል ሰማሁ። ትክክል ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

ዶክተር ታደሰ ሁልጊዜ ሥራ ስናቆም፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ስድስታችንን ዴስክ ላይ አስቀምጦ በቀኑ ያየነውን በስልክ ካነሣነው ፎቶ እያሳየ ይጠይቀን ነበር። እኔ የረምላን ጥርስ አንሥቼው ነበር። ከመርፌው በፊት ዘሀራን አስፈቅጄ፤ እሱን እንኳ አልረሳሁም። ፎቶውን «የቸልተኝነት ውጤት» ብዬ አቀረብኩ።

ዶክተር ታደሰ ፎቶውን አሳድጎ አየው። ከዚያ «ሁላችሁም ወረቀት አውጡ። ይህ ምንድን ነው? ሳትነጋገሩ ጻፉ» አለ።

ወረቀቶቹን ሰብስቦ አነበበ። እኔን ጨምሮ አራታችን የጥርስ መበስበስ ብለናል። ናትናኤል የሚባለው ጓደኛችን የስምጥ ሸለቆ ሰው ስለሆነ፣ በአገሩ የውኃ ፍሎራይድ የሚያመጣውን የጥርስ እድፍ ነው ብሎ ጻፈ። አንዷ ባዶ ወረቀት ሰጠች።

«ሀያት፣ ከዚህ ከተፈረከሰው ጥርስ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ምንድን ናቸው?»

«የወተት መንጋጋዎች ናቸው።»

«ምን ሆነዋል?»

ተጠግቼ አየሁ። ነጭ ናቸው። አንድም ነቁጥ የለባቸውም።

«የወተቶቹ ስንት ዓመት አፏ ውስጥ ቆዩ? ሰባት ዓመት ገደማ። ይሄ ትልቁስ? ቢበዛ ሦስት ዓመት። ቸልተኝነት ከሆነ የበላው፣ የቆየውን ትቶ አዲሱን ለምን መረጠ?»

ንፋሱ የቆርቆሮውን ጫፍ ያንኳኳል።

«ናትናኤል፣ ያንተው ቢሆን ጥርሶቹን በሙሉ ባዥጎረጎራቸው ነበር። ይሄ ግን አራቱን የመጀመሪያ መንጋጋና የፊቱን ነው የመረጠው። የእነዚህ ጥርሶች ልባስ መቼ ነው የሚሠራው?»

አፌ ከእኔ ቀድሞ መለሰ። «ከውልደት እስከ ሦስት ዓመት ገደማ።» ይህን ሕመም አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ፈተና ላይ መጥቶ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌበታለሁ። ልጁ ጨቅላ ሳለ፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ፣ የላይኛው ልባስ ሳይጠነክር ይቀራል። ሲበቅል ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ ሲያኝኩበት ይፈረፈራል፣ ቅዝቃዜ አይችልም፣ ማደንዘዣም አልይዘው ይላል። በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው። መምህሩ ሙሉ ነጥብ ሰጥቶኝ ነበር። በወረቀት ላይ ያወቅኩትን በሰው አፍ ውስጥ ሳገኘው አላወቅኩትም።

«አሳዳጊዋ ምን አለች?» አለ ዶክተር ታደሰ።

«ሲበቅል ጀምሮ እንዲህ ነው አለች።»

«እና?»

«ምንም» አልኩ። ለዘሀራ የተናገርኩትን አልነገርኩትም።

ያን ምሽት ጓደኞቼ ስለ መንገዱ ያወራሉ፣ እኔ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ነገ ስትመጣ ለብቻዋ ጠርቼ አስረዳታለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ለብቻዋ። ሰው ፊት የተናገርኩትን ለብቻዋ ልመልስ ነበር ያሰብኩት።

ረቡዕ ጠዋት ዘሀራ አልመጣችም። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። አንድ ሰው አይቼ በሩ ላይ እወጣለሁ፣ ሌላ አይቼ እወጣለሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ አስናቀች መጣች። አስናቀች የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ሰልፉን የምታስተባብርልን እሷ ነበረች።

«ዘሀራን አይተሻታል?» አልኳት።

ዓይኔን እያየች «አልሰማሽም?» አለች። «ትናንት የተናገርሽው ከእሷ ቀድሞ ነው ቀበሌ የገባው። የሟቿ እናት፣ የልጅቷ አያት፣ ከላላ ናቸው። ትናንት ማታ በስልክ ሰሙና ጠዋት ደረሱ። ልጅቷን ሊወስዱ ነው። ዛሬ ከቀትር በፊት ሽማግሌ ይቀመጣል።»

«አባትየውስ?»

«ደውለውለታል። ‹ሐኪም እንዲህ ካለች እኔ ምን እላለሁ፣ ሽማግሌ የፈረደው ይሁን› ብሏል። ዘሀራ አራት ዓመት ነው ያሳደገቻት። ሌላ ልጅ የላትም፤ አልወለደችም።» ቀጥላም «‹የሆድሽ ልጅ ብትሆን› ያልሻት ለዚያች ሴት ነው» አለችኝ።

ወደ ዶክተር ታደሰ እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ ንክሻውን፣ ቃሉን፣ የደበቅኩትን። እሱ የሰው አፍ ውስጥ እየሠራ ነበር፤ እጁን ሳያቆም ሰማኝ። ሲጨርስ ጓንቱን አውልቆ መጣ።

«ዶክተር፣ አብረን እንሂድ። እርስዎ ቢነግሯቸው ያምናሉ።»

«እኔ ብሄድ አለቃዋ መጥቶ ሸፈነላት ነው የሚሉት። ቃሉ ያንቺ ነው» አለ። ከዚያ ከሣጥኑ ያለ መሰርሰሪያ በእጅ የሚሞላውን የጥርስ መሙያ፣ ጥጥ፣ መስታወት እያወጣ በትንሽ ቦርሳ ከተተልኝ። «ሹፌሩን ልሰጥሽ አልችልም፣ ነዳጅ ሊፈልግ ሄዷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተመለሺ። ካልተመለስሽ አንድ ሰው ጎድሎብኝ መንቀሳቀስ አልችልም።»

ከአስናቀች ጋር መንገድ ዳር ቆምን። አንድ አይሱዙ ሞልቶ አለፈን። አንድ ሚኒባስ መጥቶ ወደ ከተማ ነኝ አለን። አራት ሰዓት ሆነ። «እነ ዘሀራ መንደር በእግር ስንት ይፈጃል?» አልኳት አስናቀችን። «ለእኔ አንድ ሰዓት። ለአንቺ እንጃ።» በእግር ጀመርን። ታጭዶ የተከመረ ገብስ እያለፍን፣ ከዚያ ቁልቁለት፣ ከዚያ ድንጋያማ ዳገት። ንፋሱ ከፊት ይገፋናል። በሰፋፊ እርምጃ እየሄድኩ የምናገረውን እደረድራለሁ፤ ደርድሬ ስጨርስ አፈርሰዋለሁ። አስናቀች ከኋላዬ «ቀስ በይ፣ ብትወድቂ ማንም አይጠቀም» ትለኛለች።

ስንደርስ ጉባኤው ተቀምጧል። ከመስጊዱ አጥር ጥግ፣ ንፋሱ ቀለል በሚልበት በፀሐዩ በኩል፣ አምስት ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። መካከል ያሉት ሼህ ይመር ናቸው፤ ለልጆች ቁርአን የሚያቀሩ፣ የሚያስተምሩ፣ ጺማቸው የነጣ ሰው። በቀኝ የረምላ አያት እማማ ከድጃ ኩታቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በግራ፣ ራቅ ብላ፣ ዘሀራ። ረምላ ከዘሀራ ቀሚስ ተለጥፋለች። አጠገባቸው አንድ ትንሽ ፌስታል አለ፤ የልጅቷ ልብስ ነው።

ዘሀራ ስታየኝ ፊቷን አዞረች።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አልኩ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ማን ልበል?» አሉ ሼህ ይመር።

«ትናንት ልጅቷን ያየኋት የጥርስ ሐኪም ነኝ። ሐኪም እንኳ አይደለሁም ገና፣ ተማሪ ነኝ።»

እማማ ከድጃ ቀና አሉ። «አላህ ነው ያመጣሽ፣ ልጄ። ያልሽውን እዚህ ድገሚው።»

የደረደርኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «አፉ በሉኝ፣ እማማ። ያልኩት ስሕተት ነው። የተናገርኩት ሳላውቅ ነው» አልኩ።

ማጉረምረም ተነሣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ፣ «የሐኪም ቃል በአንድ ሌሊት ይገለበጣል እንዴ?» አሉ። «ትናንት ማን ተናገረ፣ ዛሬስ ማን ላከሽ? አለቀሰችብሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ዘሀራም እዚህ እንደምመጣ አታውቅም ነበር። መምህሬ ፎቶውን አይቶ ስሕተቴን አሳየኝ።»

«የኛ ልጅ ጥርስ ተበልቷል፤ እሱን በዓይናችን እናያለን» አሉ እማማ ከድጃ። «ጥርስ ካልተጠበቀ ይበላል። ይሄን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገኝም።»

«እውነትዎን ነው። ግን ጥርሷን አብረን እንየው። እርስዎ ራስዎ ይዩት፤ እኔን አይመኑኝ።»

ሼህ ይመር በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ወደ ረምላ ተጠጋሁ። መስታወቱን ስታይ ፊቷን ዘሀራ ጉልበት ውስጥ ቀበረች። እማማ ከድጃ «ነይ የኔ እናት፣ ወደኔ ነይ፣ እኔ ጋ ክፈቺው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷ አልተነቃነቀችም። አንዱ ሽማግሌ ተናገሯት፤ ባሰባት። ሰዓቴን አየሁ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።

ዘሀራን «እባክዎ» አልኳት። ማክሰኞ አንቺ ነበር ያልኳት፤ በዕድሜ ብዙም ባትበልጠኝ ምላሴ ያን ቀን አንቺ ማለት አልቻለም። «ለእርስዎ ትከፍታለች።»

ዘሀራ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እንቢ ብትለኝ ሐቅ አላት። ከዚያ ጎንበስ ብላ በልጅቷ ጆሮ አንድ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለቻት እስካሁን አላውቅም። ረምላ ቀስ ብላ ዞረች፣ ራሷን ዘሀራ ጭን ላይ አደረገችና አፏን ከፈተች። ዘሀራ ንፋሱን በነጠላዋ ጋረደችላት። ሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ ያያሉ።

እማማ ከድጃ መጥተው ጎንበስ አሉ። በስልኬ መብራት አበራሁላቸው። «ይሄ ትልቁ የተፈረከሰው፣ በስድስት ዓመቷ የበቀለ ነው። እነዚህ ከፊቱ ያሉት በሕፃንነቷ የበቀሉ የወተት ጥርሶች ናቸው። ምን ይመስላሉ?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። «ነጭ ናቸው።»

«ልጅቷ ያልተጠበቀች ብትሆን ቀድመው የሚያልቁት እነዚህ ነበሩ። እነዚህን የጠበቃቸው ሰው አለ። ትልቁ ግን ተሠርቶ ሳያልቅ የወጣ ጥርስ ነው። ልባሱ ሳይጠነክር ቀርቷል። ዘሀራ ሲበቅል ጀምሮ እንዲህ ነው ብላ ነግራኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ያልሰማኋት እኔ ነኝ።»

«መቼ ነው ሳይጠነክር የቀረው?» አሉ ሼህ ይመር።

«ከተወለደች እስከ ሦስት ዓመቷ ባለው።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። ዘሀራ ቤቱ የገባችው ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሞላት ነው። ሦስት ዓመት እስኪሆናት በእጇ የያዘቻት እናቷ ናት። እማማ ከድጃ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ስለዚህ ያጠፋችው ልጄ ናት? አፈር የለበሰችው ልጄ?»

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመ ነገር አላውቅም። አንዷን ነጻ አወጣለሁ ብዬ በሌላዋ፣ ራሷን መከላከል በማትችለው፣ ልፈርድ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ እግራቸው ሥር።

«አይደለም እማማ። ማንም አላጠፋም። ምክንያቱን የተማሩትም በትክክል አያውቁትም። በጨቅላነት ትኩሳት የደጋገመው ልጅ ላይ ይታያል ይላሉ፣ ሲወለድ የተቸገረ ላይም ይታያል ይላሉ፤ ግን ምንም ሳይታመም የሚመጣበትም አለ። ወተት ብታጠጣት፣ ማር ብታልሳት፣ እናት ልታስቀረው የምትችለው አይደለም። ረምላ ሕፃን ሳለች ታማ ነበር?»

ወደ ሜዳው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «ደረቷን ያማት ነበር» አሉ። «ዓመት ሙሉ። ተዋት ስንል ይመለሳል። ልጄ በጀርባዋ አዝላ፣ በክረምት፣ በዚያ ጭቃ ከላላ ታመጣት ነበር። አንድ ጊዜ እግሯ አብጦ ነው የገባችው። ‹እማ፣ ትተርፍልኝ ይሆን?› ትለኝ ነበር።» ኩታቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ዘሀራ የረምላን ራስ ከጭኗ አንሥታ ተነሣች፣ ሄደችና እማማ ከድጃ አጠገብ ተቀመጠች። አሮጊቷም አላባረሯትም።

ሼህ ይመር ሽማግሌዎቹን ግራና ቀኝ አዩ። «ከድጃ፣ ምን ትያለሽ? የመጣሽው ለልጅቷ ብለሽ ነው።»

እማማ ከድጃ ፊታቸውን ሳይገልጡ «ልጅቷ የማንን ጭን እንደምትመርጥ አየሁ» አሉ። «ትቆይ። ለዒድ ግን እኔ ጋ ትምጣ። ሁለታችሁም ኑ።»

«መርሐባ፣ እንመጣለን» አለች ዘሀራ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዐ አደረጉ።

ደስታ የሚመስል ነገር ሊሰማኝ ሲጀምር ዘሀራ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋን አላነሣችም።

«እህቴ፣ ትናንት ሰው ፊት ተናገርሽኝ። ዛሬ ሰው ፊት ተናገርሽልኝ። አላህ ይስጥሽ። እኩል ሆነ ብለሽ ግን እንዳትሄጂ። የትናንቱ ቃልሽ ከላላ ደርሶ ተመልሷል። የዛሬው ከዚህ አጥር ማለፉን እንጃ።»

«አፉ በሉኝ» አልኩ። አንገቷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን አይሁን አልታወቀኝም።

ጥርሱን እዚያው ነው የሠራሁት። መርፌ የለም፣ መንቀያ የለም። «እጅሽን ስታነሺ አቆማለሁ» አልኳት ረምላን። ለመፈተን ወዲያው አነሣች፤ አቆምኩ። ሁለተኛም አነሣች፤ አቆምኩ። ከዚያ ወዲያ አላነሣችም። የተፈረፈረውን ለብ ባለ ውኃ በጥጥ ጠርጌ፣ መሙያውን ለውሼ ጉድጓዱን ደፈንኩ፣ የቀሩትንም ቀባሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ ሠርቼ አላውቅም። ሲደርቅ ዘሀራ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ንፋሱ ገባ። ረምላ ትንፋሿን በአፏ ሳበች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ሳበች። ከዚያ «ቀዘቀዘኝ እንጂ አላመመኝም» አለች ለዘሀራ።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የደረስኩት። ዶክተር ታደሰ መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። አየኝና ቦርሳውን ተቀበለኝ። ሐሙስ ማለዳ ወጣን፤ መንገዱም አልተዘጋም።

ዛሬ ሐኪም ነኝ፤ የማየው ልጆችን ነው። ረምላ አንዱ መንጋጋዋ በኋላ ደሴ ላይ ተነቅሏል፣ ሦስቱ እስካሁን አሉ። አዲስ ተማሪዎች ሲመጡልኝ የሕመሙን ስም ሁሉም ያውቁታል፤ ይጽፉታል፣ ይዘረዝሩታል። የልጁን አፍ ሳሳያቸው ግን ብዙዎቹ ወደ እናትየው ነው መጀመሪያ የሚያዩት። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። እኔም እንደዚያ አይቻለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጅ ካላችሁና አዲስ የበቀለ መንጋጋው ቢጫ ሆኖ ከወጣ፣ ቅዝቃዜ ሲነካው ከጮኸ፣ ሳትፈሩ ሳታፍሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ቶሎ ከተሸፈነ ይተርፋል። ተናግራችሁ ሐኪሙ ካልሰማችሁም ደግማችሁ ንገሩት። ሐኪም የሆናችሁ ደግሞ፣ ከተሳሳታችሁ በደብዳቤ አትመልሱት፣ በሰው አትላኩበት። በእግራችሁ ሂዱ።

ዘሀራ ይቅር እንዳለችኝ አልነገረችኝም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። እሷ ያለችው ግን ትክክል ነው። ያን ቀን ከመስጊዱ አጥር ጥግ የነበርነው ሃያ አንሞላም፤ የመጀመሪያ ቃሌን የሰማው ግን በየገበያው፣ በየመኪናው ላይ ተበትኗል። ዛሬም አንድ ሰው፣ ከላላ ይሁን ወረኢሉ፣ «ሐኪም ሰው ፊት ያዋረደቻት እንጀራ እናት» እያለ ያወራ ይሆናል። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ሰው ነው። ሴትየዋ ምንም አላጠፋችም።